«አሉ» ያለው ማን ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ዋና አዘጋጃችን ጋሼ የ«አለ»ን ቤተሰብ በሙሉ ለእኔ ሰጡኝ። አለ፣ ተባለ፣ አስባለ፣ አባባል፣ አሉ፣ አሉባልታ። «ትንሽ ግስ ናት ብለሽ እንዳትንቂያት፤ ቋንቋው የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው» አሉኝ። መዝገበ ቃላቱ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሞላ የእንጨት መሳቢያ። መሳቢያዎቹ ውስጥ ጋሼና ከሳቸው በፊት የነበሩት ሰዎች በእጃቸው የጻፏቸው ካርዶች አሉ፤ በአንድ ካርድ አንድ ቃል፣ ማን እንዴት እንደተናገረው፣ መቼ እንደተሰማ። ቁልፉን የምትይዘው እትዬ ካርድ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ፎቁ ሁሉ ግን እንዲህ ነው የሚጠራት፣ እሷም አቤት ትላለች። ከእኔ ስድስት ዓመት ትበልጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ልጇና ልጄ አንድ ክፍል ይማራሉ።

ጋሼ በሦስት ወር ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። ዋና አዘጋጅነቱ ወይ ለእኔ ወይ ለእትዬ ካርድ ነው ይባላል። እኔ በበኩሌ ግድም የለኝ። እሷ ትደረድራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ይህን የማያውቅ የለም። ብቻ ግድ የለኝም።

ከሰዓት በኋላ የ«አለ»ን መሳቢያ ልስብ ብሄድ የለም። ቦታው እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መሳቢያው እስካሁን የለም። ጋሼን ብጠይቃቸው «እዚያው ነው፣ ደህና አድርገሽ እዪ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። እትዬ ካርድን ብጠይቃት ፊቷ ልውጥ አለ። «ይመጣል፤ እኔ ፈልጌ አገኘዋለሁ» አለች። ዓይኔን አላየችም።

ተናድጄ ወደ ሻይ ክበብ ወረድኩ። ባለሻዩዋ ምን ሆነሽ አለችኝ። መሳቢያ ጠፋብን አልኳት። ቁልፉ ማን ጋ ነው አለች። እትዬ ካርድ ጋ ነዋ። ከዚያ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝቻት እንደነበር፣ ቦርሳዋ ከብዷት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ትሄድ እንደነበር ነገርኳት። በቃ ይኼው ነው። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ሰው ያየውን ቢናገር ወሬ አይባልም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ቸኩያለሁ። ሾፌሩ በር ላይ አስቁሞኝ ካርድ እየተሸጠ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። አላውቅም ማለት ውሸት አይደለም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የጠፋው መሳቢያ ሁለት ሆኗል። በሒሳብ ክፍል በኩል ሲያልፍ ደግሞ አራት። ቦርሳው ሻንጣ ሆኗል። ካርዶቹን የሚገዛ አንድ ማተሚያ ቤት ተገኝቶላቸዋል፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ስም የለውም። ጥበቃው ራሱ ሻንጣውን ወደ መኪና ሲጭኑ ረድቷል የሚልም አለ። ጥበቃውን ብጠይቀው «እኔ? እኔማ የሰማሁት ካንቺ ፎቅ ነው» አለኝ።

እንደ ሙያዬ ልየው ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ማን አለ ስላቸው መልሱ አንድ ነው፤ «አሉ»። ሰባት ሰው ጠየቅሁ፣ ሰባቱም «አሉ»። አንዱም «እኔ አልኩ» ወይም «እከሌ አለ» አላለም። ይህ ለሥራዬ ጥሩ ማስረጃ ነው። «አሉ» ላይ ሦስት ፍቺ እጽፋለሁ። አንድ፣ ብዙ ሰዎች ተናገሩ። ሁለት፣ አንድ የሚከበር ሰው ተናገረ፤ ጋሼ አሉ እንደምንለው። ሦስት፣ ማንም አልተናገረም፣ ግን ተብሏል፤ «ታማለች አሉ»፣ «ሊያባርሯት ነው አሉ»። ይህ ሦስተኛው አሉ ባለቤት የለውም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚለውም እዚህ ይገባል።

ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቴ አስጠላኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። በሩን ዘጉት። እርስዎ ያዩት ነገር አለ ይባላል አሉኝ። ከማን እንደሰሙ አልጠየቅኩም። ቦርሳውን ነገርኳቸው።

«ውስጡ ካርድ ነበር?»

«ውስጡን አላየሁም» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ አላየሁም። ግን ይህን ከማለቴ በፊት ቆም ብያለሁ። ስንት ሰከንድ እንደሆነ እንጃ። ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ ነው ብዕራቸውን አንስተው መጻፍ የጀመሩት፤ መልሴን ከሰሙ በኋላ አይደለም፣ ዝም ባልኩበት ጊዜ። ምን ጻፉ? ዝምታ እንዴት ይጻፋል? ከዚያ ከወጣሁ ጀምሮ ይህችው ነገር ናት የምትመላለስብኝ።

እሁድ፣ የካቲት 16

ባለቤቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ እሁድም ቢሆን አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ይቀመጣል። ነገሩን አጫወትኩት። ሁሉን አይደለም፣ ስለ መሳቢያው ብቻ። ቀና ሳይል «ተይው፣ ወሬ እንደ ጉም ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይተናል። አንቺ ብቻ እጅሽን አታስገቢ» አለኝ። እጄን አላስገባሁም አልኩት። ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል አለኝ።

ከዚያ «አሉባልታ» ላይ ተቀመጥኩ። ወሬ እውነትም ውሸትም ይሆናል፤ ደህና ወሬ አለ፣ ክፉ ወሬ አለ። ሐሜት ሲሆን የሚታማው ሰው ከመካከል መጥፋት አለበት። ጭምጭምታ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ ነው፣ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም። አሉባልታ ከሁሉም ይለያል። መነሻው ላይ ግን ተያዝኩ። የፊቱ ግማሽ «አሉ» ለመሆኑ ማንም አይከራከረኝም። የኋላው ግማሽ፣ «ባልታ»፣ ከምን መጣ? ለብቻው ቆሞ አላጋጠመኝም። የድሮ ሰዎች ምን እንዳሉ ያለው በካርዶቹ ላይ ነው፤ ካርዶቹ ደግሞ የሉም።

ግማሹ የታወቀ፣ ግማሹ ያልታወቀ። እንዲህ ተብሎ መዝገበ ቃላት አይጻፍም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

እትዬ ካርድን ከሥራ አገዷት። ጉዳዩ እስኪጣራ ነው የሚለው ደብዳቤው። ቁልፉን ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ ሰው ተቀበላት። ከአንገቷ ስታወልቀው የቁልፉ ማሰሪያ ፀጉሯ ላይ ተጠላለፈ። ሰውየው እየጠበቀ ሰዓቱን ያይ ነበር። ተነስቼ ላላቅቅላት አሰብኩ። አልተነሳሁም።

ስትወጣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼን አደራ። ምሳ ይብሉ አይብሉ እዪአቸው። ማታም ሾፌሩ ራሱ በር ድረስ ያድርሳቸው፣ መንገድ ላይ አያውርዳቸው» አለችኝ።

እሺ አልኳት። በዚህ ሰዓት የጋሼ ምሳ ምን ትዝ አሰኛት?

ሰኞ፣ የካቲት 24

ክፍሉ ቀዝቅዟል። ያለቁልፍ ያዥ መሳቢያ መክፈት ፎርም መሙላት ሆኗል።

ጋሼ ዛሬ አምስት ጊዜ «የካርዷ ልጅ የታለች?» አሉ። አምስቱንም ጊዜ ታግዳለች አልኳቸው፤ አምስቱንም ጊዜ «ለምን?» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔን በእሷ ስም ጠሩኝ። ገባኝ። ሽማግሌ ሰው ነገር ሲፈልግ በቀጥታ አይናገርም፤ እየወቀሱኝ ነው። ምን አደረግኩ? ብዬ ልጮህ ነበር። ምሳቸውን ሳይነኩት ትተው ሄዱ። በኩርፊያ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማ፣ የሷ እናት ሌባ ናት አሉ» አለችኝ።

የማን እናት አልኳት። አውቄ ነው የጠየቅኳት። የእትዬ ካርድ ልጅ እናት አለችኝ። ከመሥሪያ ቤት የድሮ ወረቀት በሻንጣ እያወጣች ስትሸጥ ተይዛ፣ ካንድ ሳምንት በኋላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች አሉ። ልጅቷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ በጠመኔ ጽፈውባት፣ በእጅጌዋ ስትጠርገው ሁሉም ሳቁ። ልጄ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ይህን ስትነግረኝ ግማሽ ፊቷ አዝኗል፣ ግማሹ ግን ትኩስ ነገር ይዞ እንደመጣ ሰው ያበራል። ያን የሚያበራ ግማሽ አውቀዋለሁ። የኔ ነው።

«አንቺም ሳቅሽ?»

«ሁሉም ሲስቅ...» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። ቦርሳዋን እያወረደች «አንቺ እኮ አብረሻት ነው የምትሠሪው። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይኸው በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ልብስሽን ቀይሪ» አልኳት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ልጅቷ ትምህርት ቤት ከቀረች አራት ቀን ሆናት። ልጄ ናት የነገረችኝ። ዛሬ ፊቷ ላይ የሚያበራ ነገር የለም።

ሥራ አልገባልኝም። አሉባልታ የሚለውን ቃል ሳየው ፊደሎቹ ተለያይተው የሚቆሙ ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ይህን በሥርዓት ልጽፈው እሞክራለሁ። ሁሉም ወደ ምሳ ወጥቷል። የጋሼ ባለቤት መጥተው ነበር።

ከታክሲ ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ጋሼን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ስለነበራቸው ወንድማቸው ወስዷቸዋል። እማማ ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ እያለከለኩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ፈቱት። የ«አለ» መሳቢያ ነው።

«ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አገኘሁት፣ ልጄ» አሉ። «ያቺ ልጅ ለምን ቀረች? ቤቱን አገላብጠን ይህን አንዱን ብቻ ነበር ያጣነው። ሳገኘው ለሷ ልሰጣት ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣ አለች።»

የቷ ልጅ አልኩ። አሁንም አውቄ ነው የጠየቅኩት።

ነገሩን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ጋሼ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይረሳሉ። ሥራው አልደረሰም እያሉ ካርድ በኪሳቸውም በከረጢትም ይዘው ይገባሉ፤ ሲነጋ ማምጣታቸውን አያስታውሱም። እትዬ ካርድ እሁድ እሁድ እቤታቸው እየሄደች፣ ከትራሱ ሥር፣ ከመጽሐፍ መሐል፣ ከኮት ኪስ እየለቀመች፣ ሰኞ ጠዋት በቦርሳዋ አምጥታ እየቦታቸው ትመልሳለች። ጡረታ በክብር ይውጡ፣ ለማንም አንናገር ብላ እማማን ያስማለቻቸው እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት። ደረጃው ላይ። ወደ ላይ እየወጣች ነበር። ወደ ውስጥ እየገባች ነበር። ሌባ በጠዋት ከባድ ቦርሳ ይዞ ወደ ሥራው አይገባም። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ለባለሻዩዋ ስነግራትም «ጠዋት» ብያለሁ። አፌ ያወቀውን ጆሮዬ አልሰማም? ወይስ ሰምቷል?

እማማ ሲሄዱ መሳቢያውን ከፈትኩ። አሉባልታ የሚለው ካርድ አንድ መሆን ሲገባው አስራ አንድ ሆኖ አገኘሁት። አስራ አንዱም የጋሼ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ መስመራቸው ቀጥ ያለ፣ የኋለኞቹ እየዘመመ የሚሄድ። ሁሉም የሚጀምሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «መነሻው አልተጣራም፤ ነገ ይጣራ።» ትናንት መጻፋቸውን ሳያስታውሱ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጀምራሉ ማለት ነው። እኔ ኩርፊያ ያልኩት ይህን ነው። ወቀሳ ያልኩት ይህን ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

መሳቢያውን ለዳይሬክተሩ ወሰድኩ። የት እንደነበር ሲጠይቁኝ ለሥራ ተብሎ ከቢሮ ወጥቶ ነበር፣ እትዬ ካርድ የለችበትም አልኩ። የጋሼን ስም አላነሳሁም፤ እማማ ለምነውኛል። ዳይሬክተሩ ደስ አላቸው። «እንግዲያው አለቀ፤ እገዳው ይነሳ» አሉ። ሁለት መስመር ደብዳቤ ተጻፈላት። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፣ ምክንያትም የለበትም።

አለቀ ያሉት ነገር አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሻይ ክበብ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ደግሞ እንዲህ ሆኗል፤ «ሲነቃባት ጊዜ በዘመድ በኩል መለሰችው አሉ።»

እሁድ፣ መጋቢት 14

ቤቷ ሄድኩ። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። በሩን የከፈተችው ልጇ ናት፤ አየችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። እትዬ ካርድ ግቢ አላለችኝም፣ አትግቢም አላለችኝም። ደፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ለባለሻዩዋ የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ዳይሬክተሩ ፊት ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ፣ እማማ ሁሉን ነግረውኛል፣ ይቅር በይኝ አልኳት። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ከዚህ ይረዝም ነበር።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አላቆመችም።

«እኔ እንዳልሰረቅኩ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «የማያውቁት እነሱ ናቸው። ሂጂና ለነሱ ንገሪ።»

«ስለ ጋሼስ ምን ልበል?»

እጇ ያኔ ቆመ። «ስለሳቸው አንቺ ምንም አትበይ። ስለራስሽ ብቻ ተናገሪ። እሱ ይበቃል።»

ደረጃውን ስወርድ ከውስጥ ልጅቷ «ምን ፈልጋ ነው?» ስትል ሰማሁ። የእናቷን መልስ ለመስማት አልቆምኩም። ብቆም እሰማው ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ከባለሻዩዋ ጀመርኩ። እኔ ነኝ ያልኩሽ፣ ያልኩሽም ልክ አልነበረም አልኳት። ምን ብለሽኝ ነበር አለችኝ። ቦርሳውን ነገርኳት። «እሱማ ሁሉም ያወራው ነገር ነው፣ ካንቺ አይደለም የሰማሁት» ብላ ድርቅ አለች። እኔ ነኝ፣ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። ወረፋ የያዘ ሰው እየሰማን ሳቀ።

ጥበቃው፣ ሾፌሩ፣ ሒሳብ ክፍል፣ አንደኛ ፎቅ። ሲወጣ በአንድ ቀን የደረሰው ነገር ሲመለስ እግሩ ሰባራ ነው። አንዳንዱ ከነጭራሹ ረስቶታል፤ እኔው አስታወስኩት። አንዳንዱ በአዘኔታ ያየኛል። ማኅደር ክፍል ያሉት ሰውዬ «ቆይ፣ አንቺን ምን አግኝቶሽ ነው የምትሸፍኚላት? አብራችሁ ነበራችሁ እንዴ?» አሉኝ።

ማምሻውን ስወጣ ሾፌሩ እየሳቀ ነገረኝ። ሁለታችንም ነን አሉ። ተካፍለን ነው አሉ።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

የሠራተኛ ስብሰባ ነበር። በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ እጄን አወጣሁ። ስልሳ የሚሆን ሰው አለ። ወንበሩን ይዤ ነው የቆምኩት።

ስለ መሳቢያው የሚወራው የተነሳው ከኔ ነው አልኩ። ያየሁት አንዲት ሴት በጠዋት ከባድ ቦርሳ ይዛ ወደ ሥራዋ ስትገባ ነው፤ የነገርኩት ግን መሳቢያ ስትሰርቅ እንዳየኋት አድርጌ ነው አልኩ። ከዚያ ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ መናገር ነበረብኝ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። «ቦታውን እፈልገው ነበር» አልኩ። ግድ የለኝም፣ ግድ የለኝም እያልኩ የኖርኩት ያ ነው።

ዳይሬክተሩ አጀንዳቸውን መገልበጥ ጀመሩ። ያኔ ከፊት ረድፍ ጋሼ ተነሱ። አንድ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። በዚያ ቃላት በሚተነትኑበት ረጋ ባለ ድምፅ፦

«ካርዶቹን እቤቴ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ስንት ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። የማላስታውሰው ስላመመኝ ነው። ያቺ ልጅ ትመልስልኝ ነበር። ይህን ዛሬ የምነግራችሁ ነገ ላልነግራችሁ ስለምችል ነው።»

ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረው ሾፌሩ እጁን ትከሻቸው ላይ አደረገ። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ እጃቸውን ይዞ፣ በር ድረስ ሳይሆን ቤታቸው ድረስ ወሰዳቸው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ባለቤቴ ከሰው ሰምቶ መጣ። አጉሊ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ምነው ሳትነግሪኝ አለ። እጅሽን አታስገቢ ስትለኝ እጄ ገብቶ ነበር አልኩት።

ለልጄ ግን ከሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። ራት ሳናቀርብ ጠራኋትና ነገርኳት። እንደ ስብሰባው አልነበረም፤ ስልሳ ሰው ይሻላል። ስጨርስ ጠየቀችኝ፤ «እኔ ያን ቀን መጥቼ ስነግርሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ልብስሽን ቀይሪ አልሽኝ።»

ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩን አላላተመችም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ይሄው ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልወጣችም።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

አታናግረኝም። ጨው አቀብዪኝ እንኳ በአባቷ በኩል ነው።

ጠዋት ግን ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማ ወጣች። ወዴት ነው ብሎ አባቷ ሲጠይቃት ሰው ላነሳ አለች።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

እትዬ ካርድ መጣች። ልትመለስ አይደለም፤ ልታስረክብ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ያዥ ሆና ተቀጥራለች። ዳይሬክተሩ እንድትቆይ ለምነዋት ነበር፤ ዋና አዘጋጅነቱንም አቅርበውላታል። «እዚህ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ቦርሳዬን የሚያይ ሰው ይኖራል» አለች። አልተቆጣችም፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። ቦታው ከውጭ ለሚመጣ ሰው ተሰጥቷል። ለእኔ ማንም አላነሳልኝም፣ እኔም አላነሳሁም።

መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየሳበች አሳየችኝ። የ«አለ» መሳቢያ ላይ ስንደርስ አስራ አንዱን ካርድ አየች። ትርፎቹን እናውጣቸው ወይ አልኳት።

«ተያቸው» አለች። «ሁሉም የሳቸው ናቸው።»

ለቃሉ የጻፍኩትን ሰጠኋት፤ ካሁን በኋላ የሚያየው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ግን እሷ እንድታየው ፈልጌ ነበር። ቆማ አነበበችው። እንዲህ ይላል፦ «አሉባልታ፤ ስም። ተናጋሪው ‹አሉ› ብሎ ራሱን አውጥቶ የሚያስተላልፈው፣ ያልተረጋገጠ፣ ሰውን የሚጎዳ ወሬ። መነሻ፤ የፊተኛው ክፍል ‹አለ› ከሚለው ግስ ‹አሉ› ይመስላል። የኋለኛው ክፍል አልታወቀም።»

ብዕር ጠየቀችኝ። «ይመስላል» የሚለውን አሰመረችበት። «ይቺን ደህና አድርገሽ ጽፈሻታል» አለች። ከዚያ ለርክክቡ የሰጧትን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ደህና ሁኚ አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ልጄ ዛሬ አናገረችኝ። ልብስ ስታሰጣ አጠገቧ ሄጄ መቆንጠጫ አቀብላት ጀመር። ሦስት አራት ልብስ ከተሰጣ በኋላ፣ ገመዱን እያየች፣ የእትዬ ካርድ ልጅ ትምህርት ቤት ተመልሳለች አለችኝ። ጠዋት ጠዋት አብረው ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጅቷ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ልጄም አልተናገረችም፤ ዝም ብለው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ዛሬ ግን አስፋልቱን ሊሻገሩ ሲሉ ልጅቷ ቆመች።

«መጀመሪያ ማን ነው ያወራው? አለችኝ» አለች ልጄ።

እጄ ውስጥ ያለው መቆንጠጫ ጠቅ አለ። «ምን አልሻት?»

«እናቴ አልኳት።»

ልጄ የአባቷን ሸሚዝ አራገፈችና ሰቀለችው።

«እሷስ ምን አለች?»

«አውቃለሁ አለች። ከዚያ ያመለጣትን ልትገለብጥ የሒሳብ ደብተሬን ወሰደች።»

«መለሰችልሽ?»

«ገና ነው» አለች ልጄ፣ እጇን ለሚቀጥለው መቆንጠጫ እየዘረጋችልኝ።